ፊሽካ ከመነፋቱ በፊት የሚጀመር ጦርነት

የኳስ አፍቃሪ ከቅዳሜና እሁድ ጨዋታዎች በኋላ መጀመሪያ የሚፈልገው ሠንጠረዡን ነው። ማን ከፍ አለ? ማን ወረደ? ልዩነቱ የስንት ነጥብ ነው? ሰኞ ጠዋት ሠንጠረዡን ሳያይ ሥራ ቦታ የገባ ደጋፊ አፉን ባይከፍት ይሻለዋል። ታዲያ ብዙው ደጋፊ ልብ የማይለው አንድ ነገር አለ። ሠንጠረዥ የኳስ ቡድኖች በተራ የሚደረደሩበት ሳጥን ከመሆኑ በፊት፣ ጦር የሚደረደርበት ሰሌዳ ነበር። የነገሥታቱና የመኳንንቱ ጨዋታ፣ የአገራችን የቀድሞ ቼዝ!

ይህ ጨዋታ ዛሬ ከሚታወቀው ቼዝ የሚለይበት አንድ ትልቅ አመል ነበረው። በዛሬው ቼዝ ጦሩ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ነጩ አንድ ይሄዳል፣ ጥቁሩ አንድ ይመልሳል፣ ጦርነቱ ተጀመረ ማለት ነው። በሠንጠረዥ ግን ከጦርነቱ በፊት ሌላ ጨዋታ አለ። ተጫዋቹ ጦሩን በባላጋራው ዓይን ፊት ያሰልፋል፤ ያፈርሳል፤ እንደገና ያሰልፋል። አንደኛው ‹‹አሁን በቃ!›› ብሎ የመጀመሪያውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ መጠበቅ ብሎ ነገር የለም። ስለ አሰላለፍ ሲከራከር የሚያመሸው የኳስ አፍቃሪ ይህ ነገር ሳይነገረውም ይገባዋል።

አራት ክፍል ያለው ጦር

ነገሩ የሚጀምረው ከህንድ ነው። የቼዝ ሁሉ አያት የሆነው ጨዋታ ስሙ ቻቱራንጋ ሲሆን፣ ትርጉሙም ‹‹አራት ክፍል›› ማለት ነው። አራቱ ክፍሎች የጥንቱ የህንድ ጦር ክፍሎች ናቸው፤ እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ ዝሆንና ሰረገላ። ፋርሶች ቻትራንግ አሉት፤ ዓረቦች ሻትራንጅ አሉት፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ሠንጠረዥ ሆነ። ስሙ ብቻ ሳይሆን ሕጉም አብሮ መጣ። አውሮፓውያን በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ንግሥቲቱን እንደ ልቧ የምትጋልብ ጠጠር ሲያደርጓት፣ የኢትዮጵያ መኳንንት ግን በድሮው ሕግ መጫወታቸውን ቀጠሉ። ሻትራንጅ በሌላው አገር ከተረሳ በኋላም እዚህ ሕይወት ነበረው።

እያንዳንዱ ተጫዋች 16 ጠጠር ይይዛል። 1 ንጉሥ፣ 1 ፈርዝ፣ 2 ፊል፣ 2 ፈረስ፣ 2 ደርና 8 መደቅ። ሰሌዳው እንደ ዛሬው ጥቁርና ነጭ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሲሆን፣ 64ቱን ቤቶች የሚለዩት በላዩ ላይ የተዘረጉ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመሮች ናቸው። ንጉሡ ከመሐል በስተቀኝ፣ ፈርዙ በስተግራ ይቆማሉ። ስለዚህ ሁለቱ ነገሥታት ፊት ለፊት አይተያዩም፤ የአንዱ ንጉሥ ከሌላው ፈርዝ ጋር ነው የሚፋጠጠው።

ደርና ፈረስ አካሄዳቸው ዛሬ እንደምናውቀው ነው። ፈርዝ ግን የዛሬዋ ንግሥት አይደለም፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚራመደው። ፊል በሰያፍ ወደ ሦስተኛው ቤት ይዘላል፤ መሐል ላይ ወዳጅም ቆመ ጠላት አያግደውም። ችግሩ ሌላ ነው። አንድ ፊል ዕድሜ ልኩን ቢዘል ከ64ቱ ቤቶች ሊረግጥ የሚችለው 8ቱን ብቻ ነው። የአንድ ወገን ሁለት ፊሎች አንዱ ያለበትን ቤት ሌላው መድረስ አይችልም፤ ከባላጋራ ፊል ጋርም ፊት ለፊት አይገናኙም። መደቅ አንድ አንድ እርምጃ ብቻ ወደ ፊት ይሄዳል፤ በመነሻው እንኳ ሁለት ቤት መዝለል አይፈቀድለትም።

በኳስ ቋንቋ ሲተረጎም፣ አሰልጣኙ የተሰጠው ቡድን አራት ፈጣን ተጫዋቾች (ሁለቱ ደሮችና ሁለቱ ፈረሶች) አሉት። የተቀሩት ግን ሩጫ የሌላቸው፣ አንድ ሥራ ብቻ የሚችሉ ናቸው። በዚህ ቡድን ዋንጫ ማንሳት የሚቻለው ሁሉንም በቦታ በቦታው ማቆም ለሚያውቅ ሰው ነው።

ወረራ

ማሰለፊያው ጊዜ ወረራ ይባላል። ቃሉ ዛሬ የሰው አገር መግባትን ነው የሚያስታውሰን፤ በሠንጠረዥ ግን ጦር ማዝመት፣ ቦታ ቦታ ማስያዝ ነው። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ ተራ ሳይጠብቁ፣ እጃቸው በቻለው ፍጥነት ጠጠር ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ አሥር ጊዜ ሲሄድ ሌላው አራት ጊዜ ብቻ ቢሄድ የሚከለክል ሕግ የለም። ዓይን ግን አያርፍም። ባላጋራ ፈረሶቹን ወደ ቀኝ ሲያሰባስብ የታየ እንደሆነ፣ የተሠራው ሰልፍ ፈርሶ ሌላ ይሠራል። ለዓመታት በኢትዮጵያ የኖረው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን፣ ከሞተ በኋላ በ1868 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ይህንን ጨዋታ በዝርዝር ጽፎታል። ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ የጨዋታውን ታሪክና ሕግ ሰብስቦ አውጥቶታል።

ወረራ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ይመስላል። ‹‹ተራ ከሌለ የፈለግሁትን አሰልፋለሁ፣ ምን ችግር አለው?›› ያሰኛል። እንዲህ ብሎ የጀመረ ሰው ግን መጀመሪያ ደርና ፈረሱን ያስሮጣል፤ ዓይን የሚገቡት እነሱ ናቸውና። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ፈጣኖቹ ጦርነቱ ከተጀመረም በኋላ በጥቂት እርምጃ ሩቅ ይደርሳሉ። ፈርዙ ግን አንድ አንድ ቤት እየቆጠረ የሚሄድ ነው። በውጊያ መሐል አራት ቤት ለመጓዝ አራት ተራ ይበላል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ባላጋራ አራት ጊዜ ይመታል። በወረራ ግን ጉዞው በነፃ ነው! ስለዚህ የገባው ሰው መጀመሪያ የሚያራምደው ዘገምተኞቹን ነው። መደቆቹ ተደጋግፈው ወደ መሐል ይወጣሉ፤ ፈርዙ ከመሪው መደቅ ጎን ይደርሳል፤ ፊሎቹ ከ8ቱ ቤቶቻቸው የትኛው እንደሚጠቅም ተመርጦ ይቀመጣሉ። ፈረሶቹ ከኋላ ይቆያሉ፤ ደሮቹም መንገድ የሚከፈትበትን መስመር ይጠብቃሉ።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሁለት ተጫዋቾች ተቀምጠዋል እንበል። አንደኛው መደቆቹን በግራ በኩል ከፍ አድርጎ አሰለፈ፤ በዚያ በኩል ለማጥቃት ማሰቡ ነው። ሁለተኛው ይህን አይቶ ፈረሱን ወደዚያው አመጣ። አንደኛው ፈገግ ብሎ ደሩን ወደ ቀኝ ወሰደው። ለካ የግራው ነገር ማታለያ ኖሯል! ሁለተኛው ፈረሱን ለመመለስ እጁን ሲዘረጋ፣ አንደኛው በመሐል መስመር መደቅ በላ። ወረራው አለቀ። ከዚህ በኋላ ተራ በተራ ነው፤ የሁለተኛው ፈረስም በማይጠቅም ቦታ ቆሞ ቀረ።

ጨዋታው የተወሰነው ስንት ጠጠር በመብላት አይደለም። መቼ እንደሚበላ በማወቅ ነው። በወረራ ፊሽካው በዳኛ እጅ አይደለም፤ በተጫዋቾቹ እጅ ነው። ቀድሞ የሚነፋው ደግሞ ‹‹የእኔ ጦር ዝግጁ ነው፣ የእሱ ገና ነው›› ያለ ነው። ቸኩሎ የነፋ ባልጨረሰው ሰልፍ ይገባል። አንድ ነገር ልጨምር፣ አንድ ነገር ላስተካክል እያለ የዘገየም ሲያስተካክል ይያዛል።

አጨራረሱም ቢሆን ክብር አለው። ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ መማታት የሚያስመሰግን አልነበረም፤ ‹‹በፈጣን ተጫዋች ማን ያቅተዋል?›› እንደ ማለት ነው። በፈርዝ ወይም በፊል መማታት ያስከብራል። የበለጠ የሚደነቀው ግን በመደቅ የማታ ነው። የባላጋራን ጦር ጠራርጎ መጨረስም አያዋጣም፤ ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይማትም፣ ጨዋታው እኩል ይሆናል። አንድ ጠጠር ብቻ የቀረው ንጉሥ ከሆነ ደግሞ፣ ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመሄዱ በፊት መማታት አለበት። ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋች ከወረራው ጀምሮ ‹‹በማን ነው የምጨርሰው?›› ብሎ ያስባል።

ቀኝ ክንፍ፣ ግራ ክንፍ

ይህ ጨዋታ በኢትዮጵያ መኳንንት ዘንድ መወደዱ አያስገርምም። ኑሯቸው ራሱ አሰላለፍ ነበርና። የማዕረግ ስሞቹን ማየት ይበቃል። ፊታውራሪ ማለት ‹‹ፊት አውራሪ›› ነው፤ ከፊት ቀድሞ የሚወርረው። የቃሉ ሥር ያው ወረራ የወጣበት ሥር ነው። ቀኝ አዝማች የቀኝ ክንፍ መሪ፣ ግራ አዝማች የግራ ክንፍ መሪ ናቸው። ደጃዝማች ደግሞ የደጅ አዝማች ነው። አሰልጣኝ ነጭ ሰሌዳ ላይ አጥቂ፣ ቀኝ ክንፍ፣ ግራ ክንፍ ብሎ ስም ከመጻፉ ከዘመናት በፊት፣ እዚህ አገር ሰው በቆመበት ቦታ ስም ይጠራ ነበር።

የሸዋው ጦር መነሻ መንዝ ነው። ማማ፣ ላሎና ጌራ ተብሎ በሦስት የሚከፈለው፣ ዛሬ መሐል ሜዳና ዘመሮን የመሳሰሉ ከተሞች ያሉበት ብርዳም ደጋ። የሸዋ ነገሥታት ሐረግ የሚቆጠረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ከመንዝ ከተነሱት ከነጋሲ ክርስቶስ ነው። ልጅ የልጅ ልጆቻቸው ከደጋው ወደ ይፋት ወረዱ፤ እስከ አንኮበር ደረሱ። እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የዚሁ ሐረግ ናቸው፤ አፄ ምኒልክም የልጅ ልጃቸው።

የሸዋ ሰው ትልቁን ወረራ ያየው በ1888 ዓ.ም. ነው፤ በሰሌዳ ላይ ሳይሆን በምድር ላይ። በመስከረም የክተት አዋጅ ሲነገር፣ ለሸዋ ሰው የተሰጠው ቀጠሮ እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ እንዲከት ነበር። ወረኢሉ ከመንዝ ደጋ በስተሰሜን ናት። ከዘመሮ አካባቢ የተነሳ ዘማች ሩቅ ከመሄዱ በፊት እዚያ ነው ከሌላው ጋር የሚገናኘው። ማን መጣ? ማን ቀረ? ስንት ጠመንጃ፣ ስንት ፈረስ? ይህ ሁሉ የሚታየው ከጠላት ጋር ከመገናኘት በፊት ነው። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን ነው የተዋጋው፤ ግን ሰልፉ ከወራት በፊት ተጀምሯል።

በዚያ ዘመቻ የራሳቸውን ጦር ይዘው የሄዱት እቴጌ ጣይቱ ብጡል በገና ደርዳሪና ሠንጠረዥ ተጫዋች እንደነበሩ ይነገራል። መቀሌ ላይ እንዳ ኢየሱስ የመሸገውን የጣሊያን ጦር ውኃውን በመያዝ ማስጨነቅ የእሳቸው ምክር እንደነበርም ታሪክ መዝግቦታል። ሠንጠረዥ ጦርነት ያስተምራል ብሎ መደምደም ይከብዳል። ሆኖም ሳይበሉ ማጥበብን፣ ባላጋራ የሚረግጠውን ቤት አስቀድሞ መያዝን የወደደ ሰው፣ መቀሌ ላይ የሆነው ነገር ምን እንደሚመስል ያውቀዋል።

ሁሌ የሚያሸንፉት ራስ

ይሁንና ጦር ማሰለፍ አንድ ነገር ነው፤ መፈተን ሌላ ነገር። እዚህ ላይ ሠንጠረዥ አንድ ትልቅ ድካም ነበረበት።

እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1805 እ.ኤ.አ. የትግሬውን ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴን ሲጎበኝ፣ ራስ በመኳንንቶቻቸው መሐል ተቀምጠው ሠንጠረዥ ሲጫወቱ አግኝቷቸዋል። ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ በሻካራው የተሠሩ ትልልቅ ነበሩ። የባላጋራን ጠጠር የሚበላ ሰው በኃይል መትቶ ነው የሚያነሳው። ጫጫታው ሌላ ነው። የከበበው ሰው ሁሉ፣ አገልጋዩ ጭምር፣ አስተያየት ይሰጣል፤ ‹‹እንዲህ ቢሆንስ?›› እያለ ጠጠሩን አንስቶ ያሳያል። ኳስ በሚታይበት ቤት ውስጥ ቆሞ አሰልጣኙን የሚመክር ደጋፊ፣ አያቱ ማን እንደሆነ እዚህ ላይ ያገኘዋል!

ሶልት የጻፈው የመጨረሻ ነገር ግን ያስቃልም፣ ያሳስባልም። ያ ሁሉ ጫጫታ ኖሮ፣ ያ ሁሉ መካሪ ኖሮ፣ ጨዋታው ሁሌ በብልሃት ለራስ እንዲያልቅ ይደረግ ነበር። ጌታን ማሸነፍ ነውር ነዋ። ራስ ወልደ ሥላሴ በእውነተኛው የጦር ሜዳ የታወቁ ሰው ናቸው። በሰሌዳው ላይ ያሰለፉት ጦር ግን ጥሩ ይሁን መጥፎ በዚህ መንገድ ሊያውቁ አይችሉም። ሁሌ የሚያሸንፍ አሰላለፍ ተፈትኖ አያውቅም።

የመንዝ ገበሬ በዚህ ረገድ የተሻለ ዕድል ነበረው፤ የእሱ ሜዳ ገና ነውና። በልደት ሰሞን በደጋው ሜዳ ላይ ሁለት ወገን ይከፈላል፤ ዱላ ይያዛል፤ ሩሯን ማሳደድ ይጀመራል። በዚያ ቀን ሎሌው ጌታውን ቢገፋው፣ ቢጥለው፣ ቢቀድመው ቂም አይያዝም። በገና ሜዳ ደካማ ክንፍ ያሰለፈ ወገን ወዲያው ይጋለጣል፤ ማንም በይሉኝታ አያልፈውምና። ሰልፍ የሚፈተነው እንዲህ ነው፤ የሚያሸንፍህ ሰው እንዲያሸንፍህ ስትፈቅድለት።

2 ሺህ ነጥብ

ዛሬ በሌላው ዓለም ይህንን የማሰለፍና የመፈተን ሥራ እንደ ትልቅ ውድድር የያዙት ሰዎች አሉ። ብራያን ክላፍ በ1979 እና በ1980 እ.ኤ.አ. በተከታታይ የአውሮፓን ዋንጫ ባነሳባት በኖቲንግሃም ከተማ፣ ጌምስ ወርክሾፕ የሚባል ኩባንያ ይገኛል። ይህ ኩባንያ በ1983 ዋርሃመር የተባለ የጠረጴዛ ጦርነት ጨዋታ አወጣ። ጠጠሮቹ ተጫዋቹ ራሱ ቀለም የሚቀባቸው ትንንሽ የወታደር፣ የፈረሰኛና የዘንዶ ቅርጾች ናቸው።

ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? በሠንጠረዥ ሁለቱም ወገን እኩል 16 ጠጠር አለው፤ ምርጫው የት ማቆም ላይ ነው። በዋርሃመር ግን ማንን ማሰለፍ ራሱ ምርጫ ነው። እያንዳንዱ ወታደር በነጥብ ዋጋ ተቆርጦለታል። ውድድሩ ‹‹2 ሺህ ነጥብ›› ካለ፣ ተጫዋቹ ከ2 ሺህ ሳያልፍ ጦሩን በወረቀት ጽፎ ያቀርባል። ዘንዶ ላይ የተቀመጠ ጀግና መግዛት ይቻላል፤ ግን ነጥቡን ይበላና እግረኛው ይሳሳል። ሁሉም ሰው ኮከብ ብቻ እንዳይሰበስብ ደግሞ ገደብ አለ። በ2010 በወጣው 8ኛው እትም፣ ከጦሩ ቢያንስ 25 በመቶው ተራ ወታደር እንዲሆን ሕጉ ያስገድድ ነበር። ኩባንያው ይህንን የቆየ ጨዋታ በ2015 አቁሞት፣ በ2024 በአዲስ መልክ መልሶታል።

የኳስ አፍቃሪው ይህንን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የፕሪሚየር ሊጉ ፋንታሲ ያው አይደል እንዴ? 100 ሚሊዮን ፓውንድ፣ 15 ተጫዋች፣ ከአንድ ክለብ ከሦስት በላይ አይፈቀድም። ሁለት ውድ አጥቂ የገዛ ሰው ተከላካዩን በርካሽ ይሞላል፤ ቅዳሜ ቀኑ ሲመሽ ዋጋውን ያየዋል።

የዋርሃመር ጎበዞች ግን አንድ ነገር ይጨምራሉ፤ ሙከራ። ዝርዝሩን ጽፈው ወዲያው ውድድር አይሄዱም። መጀመሪያ ከጓደኛ ጋር ደጋግመው ይጫወቱበታል። የሚመርጡት ጓደኛ ደግሞ የሚያሸንፋቸውን ነው። ጦራቸውን ለእሱ ሰጥተው የእሱን ይዘው ይጫወታሉ፤ የራስ ቀዳዳ የሚታየው በሌላ ሰው እጅ ሲሆን ነውና። ሲሸነፉ ሁሉን ነገር አይገለብጡም፤ አንድ ነገር ይቀይሩና እንደገና ይሞክራሉ። ሁሉ ነገር ከተቀየረማ የጠቀመው የቱ እንደሆነ በምን ይታወቃል? አንድ ጊዜ ማሸነፍም አያታልላቸውም። ዳይስ ያለበት ጨዋታ ስለሆነ ዕድልም ያሸንፋል። ፈረሰኛ የበዛበት ጦር ሲመጣ፣ ቀስተኛ የበዛበት ሲመጣ፣ አስማተኛ ሲመጣ የሚቆም ዝርዝር እስኪያገኙ ይደክማሉ።

አንድ ስም

ዝርዝር ደግሞ ሌላ ፈተና አለበት፤ ሕጋዊ መሆን። በእነዚህ ውድድሮች አዘጋጆቹ ዝርዝሩን አስቀድመው ይመረምራሉ። በነጥብ ያለፈ፣ የማይፈቀድ ነገር ያስገባ ሰው በሜዳ ያገኘው ድል ሊሰረዝበት ይችላል። ‹‹ለአሻንጉሊት ይህን ያህል?›› የሚል ካለ፣ የ2005 ዓ.ም.ን ሰኔ ያስታውስ።

ዋልያዎቹ በዚያ ዓመት በሰውነት ቢሻው እየተመሩ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደርሰው ነበር። ከዚያ ወደ ብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ገቡ። ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፉ። ሰኔ 9 ቀን አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን በተመሳሳይ 2 ለ 1 ረቱ። ከተማው በጭፈራ ተናወጠ፤ ምድቡን አልፈናል ተባለ። ደስታው ሳይበርድ ግን ወሬው መጣ። ቦትስዋና ላይ የተሰለፈው ምንያህል ተሾመ በሁለት ቢጫ ካርድ ምክንያት በዚያ ጨዋታ መግባት አልነበረበትም። ጥፋቱ የተጫዋቹ አልነበረም፤ ስሙን ዝርዝሩ ላይ የጻፈው እሱ አይደለም። ፌዴሬሽኑም ስህተቱን አመነ። ፊፋ ውጤቱን ገልብጦ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ሰጠ። ሜዳ ላይ ላብ የፈሰሰበት 3 ነጥብ በአንድ ስም ሄደ።

ዋልያዎቹ እንደገና ተነሱ። ጳጉሜን ላይ መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈው ምድባቸውን በመሪነት ጨረሱ፤ በመጨረሻው ዙር በናይጄሪያ በደርሶ መልስ ተሸንፈው ቀሩ። ነገሩ በመልካም ስለታለፈ ብዙ ሰው ረስቶታል። ግን በሰኔና በጳጉሜን መካከል ያለፈውን ጭንቀት ያየ ደጋፊ፣ ጦርነት ከፊሽካው በፊት እንደሚጀመርና ከፊሽካው በፊትም ሊጠፋ እንደሚችል ያውቃል።

ሰሌዳው ዛሬ

ሠንጠረዥስ የት ደረሰ? ፓንክረስት እንደጻፈው፣ በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አገሪቱን ከያዘ በኋላ ጨዋታው እየጠፋ ሄዷል። ይጫወቱት የነበሩት መኳንንት ግማሹ ሞቱ፣ ግማሹ ተሰደዱ፣ አዳራሹም ተበተነ። በኋላ የመጣው ትውልድ ቼዝን የተማረው በአውሮፓው ሕግ ነው። ቃሉ ግን አልሞተም፤ ወደ ትምህርት ቤት ደብተር፣ ወደ ቢሮ ወረቀት፣ ወደ ስፖርት ገጽ ተሰደደ።

የሚያሳዝነው ጨዋታው ከገበሬው ቤት አለመግባቱ ነው። ገና እስከ ዛሬ የሚኖረው የሁሉም ስለሆነ ነው፤ ዱላ የሚቆርጥ እጅና ሜዳ ብቻ ይበቃዋል። ሠንጠረዥ ግን በጌቶች አዳራሽ ቀረ፤ አዳራሹ ሲፈርስ አብሮ ፈረሰ። ጌታው ሁሌ የሚያሸንፍበት ጨዋታ፣ ጌታው ሲሄድ ማን ይጫወተዋል?

ሕጉ ግን ተጽፎ ተቀምጧል። ለመሞከርም የዝሆን ጥርስ አያስፈልግም፤ ተራ የቼዝ ሰሌዳ ይበቃል። ንግሥቲቱ ፈርዝ ትሁን፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ትሂድ። ጳጳሱ ፊል ይሁን፤ በሰያፍ ሦስተኛው ቤት ላይ ይዝለል። እግረኛው አንድ አንድ ይራመድ። ንጉሡ በሁለቱም በኩል ከመሐል በስተቀኝ ይቁም። ከዚያ ተራ ሳይጠበቅ ወረራው ይጀመር፤ የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ተራ ይያዝ። ሻይ ቤት የተቀመጡ ሁለት ጓደኛሞች፣ የቅዳሜው ጨዋታ እስኪጀምር አንድ ዙር መጫወት ይችላሉ። ከጎን የቆመው ሁሉ ይምከር፤ ልማዱም እንደዚያው ነው።

አንድ የድሮ ልማድ ብቻ ይቅር፤ ለማንም ተብሎ አይሸነፍ።